ሁለት ድስት በአንድ ምድጃ

ባንቺአየሁ ከሥራ የቀረች ዕለት እጇን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በላስ ቬጋስ አንድ ትልቅ ሆቴል አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ በቀን አሥራ አምስት ክፍል ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። በፈረንጆቹ 2020፣ በማርች ወር፣ ካዚኖዎቹ በአንድ ቀን ተዘጉ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ እንጠራችኋለን» ተባሉ። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፣ ወሩ መንፈቅ ሆነ፣ የጠራት ግን የለም።

ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ያለው የኪራይ ቤቷ ሁለት መኝታ ቤት ብቻ ነው ያለው። ጠዋት ታጸዳዋለች። ቀትር ላይ ሳይቆሽሽ ትደግመዋለች። ማታ እንደገና መጥረጊያውን ስታነሳ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ እምነት ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳትነቅል፣ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ እኔ ተቀምጬበት እያለሁ አንሶላ አትቀይሪ» ትላታለች።

«ተነሺልኛ ታዲያ።»

«ክላስ ላይ ነኝ!»

«አልጋ ላይ ተኝቶ ትምህርት አለ እንዴ? እኔ እንኳ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ነው የተውኩት፤ ያንንም ቢሆን ተቀምጬ ነው የተማርኩት።»

የልጅቱ አባት ዲቪ ደርሶት ይዟቸው የመጣው ሰው ነው፤ ከመጡ በሦስተኛው ዓመት ዳላስ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደና እዚያው ቀለጠ። ባንቺአየሁ ለማንም አላለቀሰችም። ሁለት ሺፍት ይዛ ልጇን አሳደገች። ከመንግሥት አምስት ሳንቲም ጠይቃ አታውቅም ነበር። በዚያ ክረምት ግን ጠየቀች። እምነት ፎርሙን ሞላችላት፣ ካርዱ በፖስታ መጣ። ፉድ ስታምፕ የሚሉት የምግብ መግዣ ነው፤ ሲያዩት ከባንክ ካርድ አይለይም። ባንቺአየሁ ግን ከሩቅ የሚታወቅባት ይመስላታል። ቤቷ አጠገብ ሦስት ገበያ እያለ እሱን ሁሉ አልፋ ግሪን ቫሊ ድረስ ነድታ ትገዛለች። እዚያ የሚያውቃት የለም። ማስኩን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ፣ ካርዱን በመዳፏ ከልላ ትከፍላለች፤ ከዚያ ዕቃውን እየተጣደፈች መኪናዋ ውስጥ ትከታለች። እንደ ሰረቀች ሴት።

ተገኘ የሚባል ሰው አለ። አምሳ ዓመት የሞላው፣ ዝም ያለ፣ ታክሲ ይነዳ የነበረ። ከሦስት ዓመት በፊት አውቶቡስ ሲያመልጣት በነፃ ቤቷ ያደረሳት እሱ ነው። በማግሥቱም አደረሳት። ሲደጋግመው ሰው አወቀ። ሰው ካወቀ ደግሞ ወግ ነውና ሽማግሌ ላከ። እሷ እዚህ አገር ወላጅም ዘመድም ስለሌላት ሽማግሌው የተላከው አስካል ቤት ነው። አስካል የሆቴል ባልደረባዋ፣ የሰፈር ጎረቤቷ፣ የማታውቀው ወሬ የሌላት ሴት ናት። ያን ቀን ነጠላዋን አጣፍታ እንደ እናት ተቀመጠችና ጋሽ ወልደማርያምን የሚያህሉ ሽማግሌ «እናስብበት» ብላ ለአንድ ሳምንት አስጠበቀቻቸው። ባንቺአየሁ እስከ ዛሬ ስታስታውሰው ያስቃታል። በሳምንቱ ተመረቁ። በሰው ፊት ባልና ሚስት ሆኑ። ወረቀቱን ከፋሲካ በኋላ ፈርመን አንድ ቤት እንገባለን ሲሉ ዓለም ተዘጋ።

በኦክቶበር ተገኘ ስፕሪንግ ቫሊ ከሌሎች ወንዶች ጋር ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ተሸጠ። ሁለት ሻንጣና አንድ ቴሌቪዥን ይዞ መጣ። ታክሲው ከቆመ ጀምሮ ኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን ነው የሚውለው፤ ደመወዙ የኪራዩን ግማሽ ይሸፍናል። ባንቺአየሁ ደስ አላት። ደስታዋ ግን አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም፤ ድሮ ሆቴል ውስጥ ሴቶቹ ሲያወሩ የሰማችው ትዝ አላት፦ ወንድ ቤቴ ገባ ያለች ሴት ካርዷን ቀብራ ትመለስ።

«ተገኘ፣» አለችው ጠዋት፣ «ጫማህን መኪና ውስጥ ብታደርገው ምን ይመስልሃል? ድንገት የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ…»

ተገኘ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«በአምሳ ዓመቴ ከገዛ ሚስቴ ቤት ጫማዬን ብብቴ ሥር ይዤ ልሩጥ?»

«ሩጥ አላልኩህም።»

«ይሻልሻል፣ ደውለሽ ጠይቂ። ሕግ ካለው እንደ ሕጉ እናድርገው። ውሸት ግን አልችልበትም፤ ፊቴ ያሳብቅብኛል።»

እውነቱን ነው። ተገኘ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ስለዚህ ባንቺአየሁ አማርኛ የሚናገር ሰው አለበት ወደተባለ አንድ የእርዳታ ማኅበር ደወለች። ስልኩ ቶሎ አልተነሳም። እየጠበቀች ምድጃውን ፈተገች፣ የፍሪጁን ላይ ወለወለች፣ መስኮቱን ስትጀምር አንዲት የረጋች ድምፅ «ሃሎ» አለቻት።

«በወረቀት ተጋብታችኋል?»

«በሽማግሌ።»

«ሽማግሌውን መንግሥት አያውቀውም እህቴ። በወረቀት የተጋቡ ሰዎች አንድ ቤት ከኖሩ ለምግቡ ካርድ አንድ ላይ ነው የሚቆጠሩት፣ የሱም ደመወዝ ይታያል፤ ምርጫ የለውም። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትን ግን የሚጠይቋቸው ሌላ ነው፦ ምግብ አብራችሁ ትገዛላችሁ? አብራችሁ ታበስላላችሁ? ነው። ለየብቻ ከሆነ ለየብቻ ትቆጠራላችሁ። መንግሥት የሚከፍልላትን የልጅሽን ሕክምና ደግሞ ሳትጋቡ የሱ ገቢ አይነካውም።»

«ለየብቻ? በአንድ ቤት?»

«በአንድ ቤት። ሲጠይቁሽ ግን እውነቱን ነው መናገር ያለብሽ።»

ማታ ለተገኘ ነገረችው። እሱም «እንግዲያው እውነት እናድርገዋ» አለ።

እውነት አደረጉት። እምነት ከመሳቢያ ሰማያዊ ፕላስተር አወጣችና የፍሪጁን መደርደሪያዎች ለሁለት ከፈለች፤ የላይኞቹ የእናትና የልጅ፣ የታችኞቹ የተገኘ። ድስቶቹ ላይ ለጠፈችና በአንዱ የእናቷን፣ በሌላው የተገኘን ስም በማይጠፋ እስክሪብቶ ጻፈች። ዘይት ሁለት ሆነ። ጨው ሁለት ሆነ። ባንቺአየሁ ከደሴ የተላከላትን በርበሬ ከላይኛው ቁም ሳጥን አስቀመጠች፤ ተገኘ ከሱቅ የገዛውን ከታች አስቀመጠ። የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ብቻ አንድ ቀረ፤ ካርዱ ሳሙና ስለማይገዛ ሳሙና የማንም አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ተገኘ ሽሮ ሠራ። እምነት በማንኪያ ነካ አድርጋ አየችው።

«ተገኘ፣ ይሄ ሽሮ ነው ወይስ ሲሚንቶ?»

«አስቀምጪልኝ። ቤት ስሠራ እፈልገዋለሁ።»

ልጅቱ ሳቀች። እሱም እየሳቀ እንደ ልማዱ ጠቅልሎ ሊያጎርሳት እጁን ዘረጋ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ፣» አለ። «ይሄ ይቆጠራል?»

እምነት ስልኳን አውጥታ ፈለገች። «ስለ ጉርሻ ምንም አይልም።»

«ምንም ካላለ ጉረሺ።»

«ተው!» አለች ባንቺአየሁ፣ ሳታስበው ጮክ ብላ። ተገኘ ጉርሻውን መልሶ ለራሱ ጎረሰው። ከዚያ በኋላ ያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

ሦስት ወር እንዲህ ኖሩ። በአንድ ገበታ፣ በሁለት ሳህን፤ ባንቺአየሁና እምነት በዚህ ዳር፣ ተገኘ በዚያ ዳር። ባደገችበት ቤት ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ የታመመ ነው ወይ የተረገመ። እያወቀች ነው ያደረገችው፣ ግን ምግቡ አይወርድላትም ነበር። ሁለቴ ጎርሳ ትነሳለች። ውኃ ላምጣ ትላለች፣ ውኃው እፊቷ አለ። መጋረጃውን ታስተካክላለች። ተገኘ ደግሞ ከሲሚንቶው በኋላ ተስፋ ቆርጦ ሰርዲንና ዳቦ ላይ ወደቀ። ከመጋዘን ደክሞ ይመጣል፣ ቆርቆሮዋን ይከፍታል፣ ከፊቱ የሷ ወጥ ሽታ ይመጣበታል፣ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። «ግድ የለም» ይላል ሁልጊዜ። ሱሪው በቀበቶ ላይ መጨማደድ ጀመረ።

የገና ሰሞን አስካል የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች። ስለ ካርዱ አታውቅም፤ ባንቺአየሁ ከማንም በላይ ከሷ ነው የደበቀችው። አስካል በቀን የሰማችውን ማታ ስፕሪንግ ቫሊ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይሰማዋል። በሩ ላይ ቆማ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደችና ገበታውን አየች። ተገኘ ከአንድ ዳር፣ ሰርዲኑ ፊቱ።

«ኧረ በሞትኩት፣ ኮሮና ይዞታል?»

«የለም፣ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምነው እንደ ሆስፒታል?» ወደ ወጥ ቤቱ ገባች፣ ወንፊቱን አስቀመጠች፣ ድስቶቹን አየች። የተጻፈባቸውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ምንም ሳትናገር ወጣች። ባንቺአየሁ ከጩኸቷ ይልቅ ዝምታዋን ፈራችው።

በጃንዋሪ መጨረሻ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ወልደማርያም ነበሩ፣ በከዘራቸውና በጥቁር ኮታቸው። ከኋላቸው ጆሯቸው የደከመው ጋሽ ንጉሤ፣ ከእሳቸው ኋላ አስካል ነጠላዋን አጣፍታ። መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ ወንበሮቹ ተራራቁ። እምነት «ሰላም» ብላ ክፍሏ ገባች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

«ልጄ ተገኘ፣» አሉ ጋሽ ወልደማርያም ከተቀመጡ በኋላ፣ «ከስተሃል።»

«ሥራው ነው ጋሽዬ። መጋዘኑ ያስሮጣል።»

«መጋዘኑ ሰርዲን ያበላል? ባለፈው ሱቅ ውስጥ ከኋላህ ቆሜ ነበር። ሦስት ቆርቆሮ፣ አንድ ሽንኩርት። አንድ ብቻ! የላጤ ሽንኩርት ነው ብዬ አዝኜ ተመለስኩ።»

«አልተጣላንም ጋሽዬ» አለች ባንቺአየሁ።

«ያልተጣላ ሰው ድስት ላይ ስም ይጽፋል?»

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«ድስት ላይ ስም ጽፈዋል ነው የሚሉት!» ብላ አስካል ጮኸችላቸው።

«ድስት ላይ?» ጋሽ ንጉሤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኛ ዘመን ስም የሚጻፈው መቃብር ላይ ነበር።»

አስካል ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ጋሽ ወልደማርያም ግን አልሳቁም። «የላክኸኝ እኔን ነው፣» አሉት ተገኘን። «ይችን ሴት ለምኜ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ማዕድ የተለየው በማን ጥፋት ነው? ሳልሰማ አልነሳም።»

ባንቺአየሁ ለመንግሥት ነው፣ ለካርዱ ነው ብትል ያበቃል። አስካልን አየች። አስካል ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ ዓይኗን ሳትሰብር ታዳምጣለች። ግሪን ቫሊ ድረስ የነዳችው መንገድ ሁሉ፣ እስከ ዓይኗ የሳበችው ማስክ ሁሉ በአንድ ቃል ሊፈስ ነው። ቃሉን ዋጠችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

ተገኘ ዞር ብሎ አያት። ገባው። «የለም፣ የኔ ነው» አለ። ጆሮው ቀላ።

«ሁለቱም አጠፋሁ ካሉማ ምን ችግር አለ!» አሉ ጋሽ ወልደማርያም ፊታቸው ፈክቶ። «ተነሱ። ጉልበት መሳም ይቅር፣ ጊዜው ክፉ ነው፤ ከሩቅ ይበቃል። ይቅር ተባባሉ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ያልተጣሉ ሰዎች ታረቁ። ከዚያ ሽማግሌው አንድ ሳህን አስመጡ። ባንቺአየሁ ከራሷ ድስት ቀይ ወጥ አወጣች፤ አስካል ደግሞ የተገኘን ድስት ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው። ሁለቱ ተጎራረሱ። ተገኘ ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያዋን የወጥ ጉርሻ ሲውጥ ዓይኑ ውኃ አቀረረ፤ አስካል የጸጸት እንባ መሰላት፣ እሷም አለቀሰች።

«ማዕዳችሁ አይለይ፣» አሉ ጋሽ ወልደማርያም እጃቸውን ዘርግተው። «ማዕዳችሁን የሚለይ ነገር ከመካከላችሁ ይውጣ።»

«አሜን።»

«ከዛሬ በኋላ ሳህን ብትለዩ እኔን እንደ ለያችሁኝ ይቆጠር። ቃል?»

«ቃል» አለ ተገኘ። ባንቺአየሁም «ቃል» አለች። ምን ትበል?

እንግዶቹ ከሄዱ ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ እውነተኛው ጠብ ተነሳ።

ካርዱ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ካርዱን ከሚሰጠው ከዌልፌር ቢሮ ይደውሉላታል፤ ደብዳቤው ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ባንቺአየሁ ሳህኑን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ «እስከ ሐሙስ ብቻ ሳህን እንለይ» አለች። «አራት ቀን ነው።»

«አሁን ቃል ሰጠን።»

«ጋሽ ወልደማርያም የሚያውቁት ነገር የለም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንተ ታውቃለህ! ያንተ ማወቅ ለልጄ ወተት ይገዛል?»

«ልጃችን» ማለት ከጀመረች ቆይታ ነበር። አሁን «ልጄ» ማለቷን ሁለቱም ሰሙት። ተገኘ የመኪናውን ቁልፍ ከመስኮቱ ደፍ አነሳና ወረደ። ባንቺአየሁ በመጋረጃው ጥግ አየችው፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀምጧል። የአልጋውን አንሶላ ገፈፈች፣ ሌላ አነጠፈች፣ ጠርዙን እንደ ሆቴሉ ሰብስባ ጠቀጠቀች። ቀና ስትል አሁንም እዚያው ነው። አንሶላውን መልሳ ገፈፈችው።

ሲመለስ ድምፁ ረግቷል። «ስፕሪንግ ቫሊ አንድ ክፍል አለ ብሎኛል አንድ ልጅ» አለ። «እኔ ከወጣሁ ማንም ማንንም አይዋሽም። ካርዳችሁም አይነካም። እሁድ እሁድ እየመጣሁ እበላለሁ፤ እንግዳን የሚከለክል ሕግ የለም። የሽማግሌውንም ቃል አላፈርስባቸውም።»

«አሁን እንደዚህ ነው ያልኩህ?»

«አላልሽም። እስከ ሐሙስ አስቢበት።»

አንዱን ሻንጣ ሞልቶ በሩ አጠገብ አቆመው።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ከአንድ ሳህን በሉ። እንደሚሰነባበት ሰው በሉ፤ «ይሄን ብይ»፣ «አንተ ብላው» እየተባባሉ፣ ሥጋዋን ወዲያና ወዲህ እየገፉ። እምነት መሐል ተቀምጣ አንዴ እናቷን አንዴ እሱን ታያለች። «ዩ ጋይስ፣» አለች ረቡዕ ማታ፣ «ስትታረቁ ነው የባሰባችሁ።» ባንቺአየሁ ቀን ቀን ቤት መቀመጥ አልቻለችም። መኪናዋን አስነስታ ግሪን ቫሊ ድረስ ትነዳለች፣ ገበያው በር ላይ ፓርክ ታደርጋለች፣ ሳትወርድ ትመለሳለች። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የሚቀበላት ያ ሻንጣ ነው። በቆመበት ዙሪያውን ትጠርጋለች፤ አንስታ አታንቀሳቅሰውም።

ሐሙስ ተገኘ ገና ሳይነጋ ሥራ ሄደ። እምነት ክፍሏ ውስጥ ትምህርቷን ከፍታለች። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ አልጮኸም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ባንቺአየሁ ከወጥ ቤት እስከ ሻንጣው፣ ከሻንጣው እስከ ወጥ ቤት ተመላለሰች። ከሃያ ሲሆን ጮኸ። መጀመሪያ የወንድ እንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ከሌላ ከተማ የምታስተረጉም የአንዲት ሴት አማርኛ። ስም። አድራሻ። ሥራ። የልጅ ዕድሜ። የለመደችው ነው፤ መለሰች።

«ከአንቺና ከልጅሽ ሌላ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው አለ?»

ሻንጣውን አየችው። የለም ብትል ዛሬ ማታ እውነት ይሆናል። እሱ ያዘጋጀላት መንገድ ይኸው ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረው። ቃሉን አፏ ላይ አዞረችው። ማታ ከመጋዘን ሲመለስ ያን ሻንጣ አንስቶ ሲወርድ ታያት፣ ከዚያም ለሌላ ሰው ቤት የሚመች ድስት ሲገዛ፣ እሁድ እንደ እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ። ደክሟት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስትሸሽ የኖረች ሴት ናት፤ ከገበያ፣ ከአስካል፣ ከገዛ ገበታዋ። ውሸቱም እውነቱም እኩል ያደክማሉ። እውነቱ ቢያንስ ሰው ከቤት አያስወጣም።

«አለ» አለች።

«ምንሽ ነው?»

«በሽማግሌ ባሌ ነው። ወረቀት የለንም።»

አስተርጓሚዋ አስተላለፈች። ሰውየው የሆነ ነገር ጻፈ። «ምግብ አብራችሁ ነው የምትገዙት? አብራችሁ ነው የምታበስሉት?»

«እስከ እሁድ ለየብቻ ነበርን።»

«ከእሁድ ወዲህስ?»

«ከአንድ ድስት። ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው።»

አስተርጓሚዋ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልስ፣ ቀስ ብላ፣ «እህቴ፣ ጥያቄውን ልድገምልሽ?» አለቻት።

ባንቺአየሁ ገባት። ይህ መድገም ሥራ ሳይሆን እዝነት ነበር። የማታውቃት ሴት፣ ፊቷን በጭራሽ የማታያት፣ አንድ ጊዜ መመለሻ በር ከፍታላት ቆማለች።

«አልሳትኩም የኔ እናት፣» አለች። «ንገሪው። ከአንድ ሳህን ነው።»

«ዋን ፕሌት» ሲባል ሰማች። ይቺን እንግሊዝኛ ታውቃታለች።

የተገኘን የደመወዝ ወረቀት እንድትልክ ተነገራት። ስልኩን ዘግታ ቁጭ አላለችም። ሻንጣውን አንስታ ወደ መኝታ ቤት ወሰደችው፣ ከፈተችው፣ ልብሱን ሁሉ አንድ በአንድ አጣጥፋ ከመሳቢያው ደረደረችው። እምነት በሯን ከፍታ ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ማሚ፣ ካርዱ ሊሄድ ነው?»

«ይሄዳል።»

«ኦኬ።» ትንሽ ቆመች። «ፕላስተሩን ላንሳ?»

«አንሺው።»

ማታ ተገኘ መጥቶ ሻንጣውን በቦታው አጣው። መሳቢያውን ከፈተና ቆይቶ ሲመጣ ሱሪውን በእጁ ይዟል። «ይሄን ማን አጠፈው? ፎጣ አስመሰልሽው እኮ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ፎጣ ያጠፈ እጅ ምን ያጥፍልህ?»

ሳቀ። ጆሮው አልቀላም።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። እምነት አነበበችላቸው፦ የሷ የሥራ አጥ አበልና የሱ ደመወዝ ተደምሮ ከወሰኑ በላይ ስለሆነ የምግቡ ካርድ ይዘጋል። የልጅቱ ሕክምና እንዳለ ነው። ተገኘ ደብዳቤውን ተቀብሎ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። በሚቀጥለው ቀን አለቃውን አነጋግሮ ጭማሪ ያለውን የከሰዓት ሺፍት ወሰደ፤ ከስምንት ሰዓት ይገባል፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ይመለሳል። የሠርጉን ወረቀት ነገር ግን አላነሱትም። የሠርግ ቤቶች ምልክት በየመንገዱ በሚያበራበት ከተማ፣ አላፊ አግዳሚው በአሥር ደቂቃ በሚጋባበት፣ የነሱ ወረቀት የልጅቱን ሕክምና ለመንካት ካልሆነ ምን ይሠራል?

በጁን 2021 ሆቴሉ ባንቺአየሁን ጠራት። ያው አሥራ ስምንተኛ ፎቅ፣ ያው አሥራ አምስት ክፍል። ጠዋት ስትወጣ ተገኘ እንቅልፍ ላይ ነው። ስትመለስ እሱ ወጥቷል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዕረፍታቸው ሲገጥም ብቻ ይተያያሉ፤ ያንንም ቀን ግማሹን ኦቨርታይም ይወስድባቸዋል።

ጋሽ ወልደማርያም አልፎ አልፎ ይደውላሉ። «ማዕዳችሁ እንዴት ነው ልጄ?»

«አንድ ነው ጋሽዬ። እርስዎ እንዳሉት ነው።»

አልዋሸችም። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጡን ታሞቃለች፣ በአንድ ሳህን ታወጣለች። እምነት ትንሽ ቀምሳ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ባንቺአየሁ በዚህ ዳር ያለውን ትበላለች፤ በዚያ ዳር ያለውን፣ ሥጋውንም ጨምራ፣ አትነካውም። ስትጨርስ መሐል ላይ መስመር የተሰመረ ይመስላል። በሌላ ሳህን ከድና ምድጃው ላይ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ መጥረጊያውን ታነሳለች።

ጠዋት ስትነሳ ሳህኑ ታጥቦ፣ ማጠቢያው ዳር ተደፍቶ ታገኘዋለች።